ተርቦ ሲበላሽ፦ የናፍጣ ፒክአፕ ባለቤት ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት

ተርቦ ከሞተር በሚወጣው ጭስ ጉልበት እየተሽከረከረ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ ነው። ሥራው የአንጥረኛን ወናፍ ይመስላል፤ አየሩ ሲበዛ እሳቱ ይበረታል። ልዩነቱ ወናፉን የሚነፋው እሳቱ ራሱ መሆኑ ነው። ለሐሳቡ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1905 ነበር። በመጀመሪያ በመርከብና በሌሎች ትላልቅ የናፍጣ ሞተሮች ላይ የተሠራበት ይህ መሣሪያ ዛሬ የማይገጠምለት አዲስ የናፍጣ ፒክአፕ የለም ማለት ይቻላል። በቶዮታ ሃይሉክስ ላይ የነበሩት የቀድሞዎቹ 3ኤልና 5ኤል ሞተሮች ተርቦ አልነበራቸውም። እነርሱን የተኩት ባለ 2.5 ሊትሩ 2ኬዲና ባለ 3 ሊትሩ 1ኬዲ፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ የመጡት የጂዲ ሞተሮችም ሁሉም ባለ ተርቦ ናቸው።

በጋራዥ «ተርቦው ሄዷል» ሲባል ብዙ ጊዜ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ስንት ነው የሚለው ነው። መቅደም ያለበት ግን ምን ገደለው የሚለው ነው። ተርቦ አርጅቶ በራሱ ጊዜ የሚሞተው ጥቂቱ ነው። አብዛኛውን የሚገድለው ያነሰ ወይም የቆሸሸ ዘይት፣ ከአየር ጋር የገባ አቧራ ወይም ከሞተሩ ተሰብሮ የወጣ ብረት ነው። አዲስ ተርቦ ገዝቶ ገዳዩን እዚያው መተው ሁለተኛውን ለመግዛት ቀጠሮ መያዝ ነው።

አሠራሩ

ተርቦ በአንድ ቀጭን ዘንግ ሁለት ጫፎች ላይ የተተከሉ ሁለት ባለ ክንፍ መዘውሮች አሉት። ተርባይን የሚባለው ጭሱ በሚያልፍበት ቀፎ ውስጥ ይዞራል። ኮምፕረሰር የሚባለው ደግሞ ከአየር ፊልትሮው የመጣውን አየር ስቦ ይጨምቃል። አየር ሲጨመቅ ስለሚሞቅ በብዙዎቹ ፒክአፖች ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት ኢንተርኩለር በሚባል ማቀዝቀዣ ውስጥ ያልፋል።

የዚህ ትንሽ ዕቃ ጫና ከመጠኑ ጋር አይመጣጠንም። የፒክአፕ የናፍጣ ሞተር ቢበረታ በደቂቃ ከ4,500 ዙር ብዙም አያልፍም፤ የተርቦው ዘንግ ግን በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። በከባድ ጭነት ጊዜ በተርባይኑ በኩል የሚያልፈው ጭስ እስከ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቆ በሌላው ጫፍ ደግሞ የውጪ አየር ይገባል። ዘንጉን የሚይዙት ኩሽኔታዎች በአብዛኛው ኳስ የሌላቸው ለስላሳ ቀለበቶች ናቸው። ዘንጉ የሚዞረው ከሞተሩ በግፊት በሚመጣ ዘይት ላይ ተንሳፎ ነው። በዘንጉና በቀለበቱ መካከል ያለው ክፍተት በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚለካ በመሆኑ፣ ዘይቱ ለጥቂት ሰከንዶች ቢቋረጥ ብረት ከብረት ይነካካል፤ በዚያ ፍጥነት የተነካካ ብረት ደግሞ አይድንም።

ግፊቱን የሚቆጣጠርበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። በቀላሉ ተርቦ ላይ ግፊቱ ከመጠን ሲያልፍ ጭሱን በጎን የሚለቅ በር አለ። በ1ኬዲ ሞተር ላይ ያለው ዓይነት ግን በተርባይኑ ዙሪያ የሚጠብቡና የሚሰፉ ትንንሽ ክንፎች አሉት። ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ክንፎቹ ጠብበው ጭሱን ያፈጥኑታል፤ ሲበረታ ይከፈታሉ። የሚያንቀሳቅሳቸው በመኪናው ኮምፒውተር የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ይህ ተርቦ ከታች ጀምሮ ጉልበት ይሰጣል፤ የሚበላሽ ክፍሉም በዚያው ልክ ይበዛል፤ ዋጋውም ይወደዳል።

የደጋው ጫና

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን በዚሁ ያጣል። ተርቦ ጉድለቱን ይሞላል፤ ዋጋውን ግን ራሱ ይከፍላል። ሞተሩ ከባሕር ዳርቻው አየር እጥፍ የሚሆን ግፊት ቢፈልግ፣ ተርቦው ጅቡቲ ላይ አየሩን 2 እጥፍ፣ አዲስ አበባ ላይ ግን ወደ 2.7 እጥፍ መጭመቅ ይኖርበታል። ስለዚህ ይበልጥ ይፈጥናል፤ ይበልጥም ይሞቃል። በጣርማ በር መንገዱ ከ3,000 ሜትር ሲያልፍ ጫናው ከዚያም ይብሳል።

በአዳዲሶቹ ሞተሮች ኮምፒውተሩ ግፊቱን እየለካ ልክ ያበጅለታል። ይሁንና የተሰነጠቀ ማኒኮቶ (አየሩን የሚያስተላልፈው የጎማ ቱቦ) ወይም በአቧራ የታፈነ ፊልትሮ ሲጨመርበት፣ ተርቦው የጎደለውን ለመሙላት ከአቅሙ በላይ ይሮጣል። ቆላ ላይ ብዙም የማይታወቅ ትንሽ የአየር ቀዳዳ ደጋ ላይ ከባድ ጉዳት የሚያደርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ገዳዮቹ

የመጀመሪያው ገዳይ ዘይት ነው። ሳይቀየር የቆየ ዘይት ጥላሸት ይሸከማል፤ ጥላሸቱም ኩሽኔታውን ይሞርዳል። ደረጃው ያልተስተካከለ ወይም የተጭበረበረ ዘይት በሙቀት ቶሎ ይሳሳል። ከሁሉም የሚብሰው ግን ዘይቱ እስከ ተርቦው አለመድረሱ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በሃይሉክስ ላይ የገባው 1ኬዲ ሞተር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የዚህ ሞተር ኢንጀክተሮች ቴስታታው ላይ የሚቀመጡት በመዳብ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ሲበላ የቃጠሎው ጋዝ እየሾለከ ከቴስታታው ክዳን ሥር ይገባል። ጥላሸቱ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ቋት ይወርድና የዘይት ፖምፓው በሚስብበት ወንፊት ላይ እየጠጠረ ይጋገራል። ወንፊቱ እየጠበበ በሄደ መጠን የዘይቱ መጠን ይቀንሳል፤ ፈጥኖ የሚጎዳውም ያን ያህል የሚፈጥነው ተርቦ ነው። ባለቤቱ ተርቦ ያስለውጣል፤ ወንፊቱን ግን ያየው የለም። አዲሱ ተርቦም ሳይቆይ ይከተላል፤ ጉዳዩ ከዚያ ካለፈ ሞተሩ ራሱ ይቆልፋል። የዚህ ሁሉ ወጪ መነሻ በትንሽ ገንዘብ የሚለወጡ የመዳብ ቀለበቶች ናቸው። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ከኢንጀክተሮቹ አካባቢ የሚሰማ የትንፋሽ ድምፅ፣ በኢንጀክተሮቹ ዙሪያ የሚታይ ጥቁር ጥላሸት፣ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ቶሎ የማይጠፋ የዘይት መብራት ቀድመው የሚታዩ ምልክቶች ናቸው።

ሁለተኛው ገዳይ ሞቅ ያለ ሞተርን በድንገት ማጥፋት ነው። ከአባይ ድልድይ ተነስቶ፣ ጭነቱን እንደያዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቶ ደጀን የገባ ፒክአፕ ተርባይኑ በጋለ ብረት ሙቀት ላይ ነው። ሹፌሩ ምሳ ለመብላት ቸኩሎ ቁልፉን ወዲያው ካጠፋ የዘይቱ ዝውውር ይቆማል፤ ሙቀቱ ግን ወደ ዘንጉ መሄዱን አያቆምም። በኩሽኔታው ውስጥ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ከሰል ይሆናል። አንድ ጊዜ ይህ ቢደረግ ተርቦ አይሞትም፤ በየጉዞው ሲደጋገም ግን ከሰሉ የዘይቱን መተላለፊያ ያጠበዋል። መድኃኒቱ ደግሞ ሳንቲም አያስወጣም፦ ሞተሩን ሳያጠፉና ነዳጅ ሳይረግጡ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ማቆየት ነው። ጠዋትም ሞተሩ እንደተነሳ ነዳጅ ረግጦ ማስጮህ ዘይቱ ሳይደርስ ዘንጉን ማስሮጥ ስለሆነ መወገድ አለበት።

ሦስተኛው አቧራ ነው። በጥርጊያ መንገድ ላይ የሚውል ፒክአፕ የአየር ፊልትሮው ቶሎ ይሞላል። ፊልትሮውን በኃይለኛ የአየር ግፊት ደጋግሞ ማስነፋት ወረቀቱን ይበሳዋል፤ ማጠብም ያበላሸዋል። በተበሳ ፊልትሮ ወይም በላላ ማሰሪያ በኩል የገባ አሸዋ የኮምፕረሰሩን ክንፎች ጫፍ እየሞረደ ያሳጥራቸዋል። አራተኛው ስባሪ ነው። አየር መግቢያው ውስጥ የተረሳ ብሎን ወይም ጨርቅ፣ ወይም ከሞተሩ ውስጥ የተሰበረ የማሞቂያ ካንዴላ ጫፍ፣ በዚያ ፍጥነት የሚዞረውን ክንፍ በቅጽበት ይሰባብራል። አምስተኛው፣ ባለ ተንቀሳቃሽ ክንፍ ተርቦን ብቻ የሚመለከተው፣ ጥላሸት ነው። መኪናው አጭር አጭር ርቀት ብቻ ሲሄድ፣ ቆሞ ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ወይም ኢንጀክተሮቹ ነዳጅ ሲያበዙ ክንፎቹ በጥላሸት ይያዛሉ። በዚህ ጊዜ ዘንጉ ደህና ሆኖ ሳለ ተርቦው የሞተ ይመስላል።

ምልክቶቹ

የጭሱ ቀለም ብዙ ይናገራል። ጥቁር ጭስ ነዳጁ በቂ አየር እንዳላገኘ ያሳያል፤ ምክንያቱ የተቀደደ ማኒኮቶ፣ የታፈነ ፊልትሮ ወይም ደካማ ተርቦ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይጠቁማል። ነጭ ጭስ ደግሞ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወይም ወደ ሞተሩ የገባ ውሃ ሊሆን ስለሚችል ተርቦውን ብቻ መጠርጠር አይገባም። መኪናው ዳገት እምቢ ሲል፣ ነዳጅ ቢረገጥም ሞተሩ ዙር አልጨምር ሲል፣ የሞተር መብራት በርቶ ጉልበት ሲቀንስ ኮምፒውተሩ ራሱን ለመጠበቅ ግፊቱን ገድቦ ሊሆን ይችላል። ድምፅም ይመሰክራል፦ ቀጭን ፉጨት በብዙ ተርቦዎች የተለመደ ነው፤ እንደ አምቡላንስ የሚጮህ ወይም ብረት የሚፍቅ ድምፅ ግን ክንፎቹ ቀፎውን መንካታቸውን ያመለክታል።

አንድ ብልሽት ግን ከገንዘብ አልፎ ሕይወትን ያሰጋል። የተርቦው የዘይት ማገጃ ሲለቅ ዘይቱ በአየር መግቢያው በኩል ወደ ሞተሩ ይገባል፤ የናፍጣ ሞተር ደግሞ የራሱን ዘይት እንደ ነዳጅ ማቃጠል ይችላል። ያኔ ቁልፍ ቢጠፋም ሞተሩ አይጠፋም፤ እየጮኸ፣ መንገዱን በጭስ እየሸፈነ፣ እስኪሰበር ይሮጣል። ማርሹ በእጅ በሚቀየር መኪና ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ ካለ መፍትሔው ፍሬኑን አጥብቆ መርገጥ፣ ከፍተኛውን ማርሽ ማስገባትና ፍሪሲዮኑን በአንዴ መልቀቅ ነው፤ ሞተሩ ታፍኖ ይቆማል። ይህ ካልተቻለ ከመኪናው መራቅ ይሻላል። የአየር መግቢያውን በእጅ ወይም በጨርቅ ለመድፈን መሞከር እጅን ያስበላል።

ምርመራው ከርካሹ ይጀምራል

ጥሩ መካኒክ ተርቦውን ከማውረዱ በፊት ምንም የማያስወጡትን ነገሮች ያያል። የመጀመሪያው የአየር ፊልትሮውና ከተርቦው እስከ ሞተሩ ያለው የማኒኮቶ መስመር ነው። ማሰሪያው የላላ ወይም ጎኑ የተሰነጠቀ ማኒኮቶ ብዙ ጊዜ በዘይት የራሰ አቧራ ይይዛል። ቀጥሎ የኮምፒውተር ምርመራ ይደረጋል። ፒ0299 የሚለው ኮድ ግፊቱ ከሚፈለገው ማነሱን፣ ፒ0234 ደግሞ መብዛቱን ያሳያል። ኮዶቹ ተርቦ ይለወጥ አይሉም፤ ፍለጋው ከየት እንደሚጀመር ብቻ ይጠቁማሉ። ለምሳሌ ፒ0299 በአንድ ማኒኮቶ መሰንጠቅ ብቻ ሊመጣ ይችላል።

ከዚያ ሞተሩ ጠፍቶና በርዶ ከኮምፕረሰሩ በኩል ያለው ማኒኮቶ ይወልቅና የዘንጉ ጫፍ በሁለት ጣት ተይዞ ይነቃነቃል። ወደ ጎን ጥቂት ቢወዛወዝ ነውር የለውም፤ ለዘይቱ የተተወ ክፍተት ነው። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲገፋና ሲሳብ ጨዋታው በጣት ከታወቀ ግን ኩሽኔታው አልቋል። ክንፎቹ የቀፎውን ግድግዳ ከነኩ፣ ጫፋቸው ከተበላ ወይም ከተጣመመ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ተርቦው ዘይት ቢተፋም ጥፋቱ የእርሱ ላይሆን ይችላል። ከተርቦው የሚወጣው ዘይት ወደ ሞተሩ የሚመለሰው በራሱ ክብደት ቁልቁል ወርዶ ነው። የመመለሻው ቱቦ ከተደፈነ፣ ወይም የሞተሩ ፒስቶን ቀለበቶች አልቀው በሞተሩ ሆድ ውስጥ ግፊት ከተጠራቀመ፣ ዘይቱ መሄጃ ስለሚያጣ በማገጃው በኩል ይወጣል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ጭስ እየገፋ ከወጣ ችግሩ የሞተሩ ነው፤ ተርቦ መለወጥም አያስቆመውም። በአንጻሩ በማኒኮቶው ውስጥ ስስ የዘይት ርጥበት መታየቱ የተለመደ ስለሆነ ብቻውን ተርቦ አያስጥልም።

ወጪውና ምርጫዎቹ

ተርቦ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል፤ የመለዋወጫም ዋጋ አብሮ ወጥቷል። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎችን ማስገባት መከልከሉ ደግሞ ያለውን የነዳጅ መኪና ጠግኖ ማቆየትን ይበልጥ አስፈላጊ አድርጎታል።

የመፍትሔው ዋጋ እንደ ብልሽቱ ዓይነት ይለያያል። ማኒኮቶ፣ ፊልትሮ ወይም ማሰሪያ ከሆነ ወጪው ትንሽ ነው። ክንፎቹ በጥላሸት ከተያዙ ተርቦው ወርዶ የጭሱ ወገን ተከፍቶ ይጸዳል፤ ዋናው ወጪ የእጅ ዋጋ ነው። ሲከፈት ግን የክንፎቹን ዝቅተኛ መዝጊያ የሚወስነው በፋብሪካ የተለካ ብሎን መነካት የለበትም፤ እርሱ ከተነካ የግፊቱ ልክ ይፋለሳል።

ኩሽኔታው ካለቀና ቀፎዎቹ ደህና ከሆኑ ኮር የሚባለውን የመሃል ክፍል ብቻ መለወጥ ይቻላል። ይህ ከሙሉው ተርቦ ይረክሳል፤ ሆኖም ኮሩ በመሣሪያ ሚዛኑ የተስተካከለ መሆን አለበት። በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ በሚዞር ዘንግ ላይ የሚሊ ግራም ልዩነት እንኳ ኩሽኔታ ይበላል። አሮጌውን ኮር ፈትቶ ቀለበትና ማገጃ ብቻ ቀይሮ ያለ ሚዛን ማሽን መግጠም በመጀመሪያው ሳምንት ርካሽ ይመስላል፤ ዕድሜው ግን አጭር ነው።

ሙሉ ተርቦ የሚገዛ ሰው ሦስት ምርጫ አለው። ኦርጅናሉ፣ በተለይ ባለ ተንቀሳቃሽ ክንፉ፣ በዓለም ገበያ ከ1,000 ዶላር በላይ የሚጠራ ነው። ሌላ ፋብሪካ አስመስሎ የሠራው በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል፤ ጥራቱ ግን ከአምራች አምራች በጣም ይለያያል፤ በኦርጅናል ካርቶን የሚሸጥ ኮፒም አለ። ከተጋጨ መኪና የወረደ ያገለገለ ተርቦም አንድ ምርጫ ሲሆን፣ ከመገዛቱ በፊት በጣት የሚደረገው ምርመራ እዚያው ሱቁ በር ላይ መደረግ አለበት። በየትኛውም ምርጫ በተርቦው ላይ በቆርቆሮ የተለጠፈው ቁጥር ከመኪናው ሞተር ጋር መመሳከር ይኖርበታል፤ በመልክ የሚመሳሰሉ ተርቦዎች የግፊት ልካቸው ሊለያይ ይችላል።

ወጪ ሲሰላ ተርቦውን ብቻ መቁጠር ያሳስታል። ጋስኬቶቹ፣ አዲስ የዘይት መስጫ ቱቦ፣ አዲስ ዘይትና የዘይት ፊልትሮ፣ የአየር ፊልትሮ፣ የኢንተርኩለር እጥበትና የእጅ ዋጋ አብረው ይመጣሉ። በ1ኬዲ ሞተር ላይ የኢንጀክተር ቀለበት መለወጥና የዘይት ቋቱን አውርዶ ወንፊቱን ማየት ይጨመራል። እነዚህን ለመቆጠብ ሲባል መዝለል ውዱን ዕቃ ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

አገጣጠሙ

አዲስ ተርቦ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ከመገጠሙ በፊት በዘይት መግቢያው በኩል ንጹሕ ዘይት ተጨምሮበት ዘንጉ በእጅ ይዞራል። አሮጌው የዘይት መስጫ ቱቦ በውስጡ ከሰል ስለሚይዝ ቢለወጥ ይመረጣል። በዘይት መግቢያና መውጫው ላይ ሲልኮን መቀባት ክልክል ነው፤ ትርፉ ተቆርጦ የዘይቱን ቀዳዳ ይደፍናል። አሮጌው ተርቦ ተሰባብሮ ከነበረ ኢንተርኩለሩና ማኒኮቶዎቹ ከብረት ፍርፋሪና ከዘይት መጽዳት አለባቸው፤ ያለዚያ የአሮጌው ስባሪና ዘይት ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ሁሉም ከታሰረ በኋላ ሞተሩ ነዳጅ ሳያገኝ ጥቂት ጊዜ ይዞርና ዘይቱ እስኪደርስ ይጠበቃል፤ ሲነሳም ለጥቂት ደቂቃ ያለ ጭነት ይቆያል። የተርቦ ሻጮች ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ በዘይት እጥረት የመጣን ጉዳት ስለማይሸፍን፣ የዘይቱና የፊልትሮው ደረሰኝ መቀመጥ አለበት።

ከዚያ በኋላ

የተርቦን ዕድሜ የሚወስነው የዕለት አያያዝ ነው። ለናፍጣ ሞተር የሚሆን ትክክለኛ ደረጃ ያለው ዘይት ከታመነ ሻጭ መግዛት፣ በአቧራማና ከባድ ጭነት ባለበት ሥራ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር፣ የዘይቱን ልክ በየሳምንቱ ማየት፣ ያረጀ የአየር ፊልትሮ ከማስነፋት ይልቅ መለወጥ ዋናዎቹ ናቸው። መኪናው በከተማ ብቻ የሚውል ከሆነ አልፎ አልፎ ረጅም መንገድ ላይ ሞቅ አድርጎ መንዳት ጥላሸቱን ያቃልላል።

ያገለገለ ፒክአፕ የሚገዛም ሰው ይህንኑ ቅደም ተከተል መከተል ይችላል። ሞተሩ በርዶ ሳለ እንዲነሳ መጠየቅ፣ የመጀመሪያውን ጭስና ድምፅ ማየትና መስማት፣ የዘይት መሙያውን ክዳን መክፈት፣ ማኒኮቶውን አስወልቆ ዘንጉን መነቅነቅ፣ ከዚያም ዳገት ላይ መንዳት ያስፈልጋል። ምርመራው ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ ግን በሌላ ቀን ጠዋት ተመልሶ ሞተሩ በርዶ ሳለ ማየት ይገባል፤ የተርቦውና የኢንጀክተሮቹ ሕመም የሚታወቀው ከሁሉ በላይ በዚያ ሰዓት ነው።